ወረቀት ሳይወጣ «ታትሟል» ያለው ገጽ

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከጊዜ ጋር ያለን ዝምድና ትንሽ ወልገድ ያለ ነው። ሰውየው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ወደ ውጭ እየወጣ «መጣሁ» ይላችኋል። እየሄደ እኮ ነው! «ሄድሁ በቃ» ያለችው ዘመድ ደግሞ የበሩን መቃን ተደግፋ የጎረቤቷን የሠርግ ጣጣ ከጥሎሽ እስከ መልስ ትተርክላችኋለች። «ደርሻለሁ፣ ከመታጠፊያው ላይ ነኝ» የሚላችሁ ወዳጃችሁ የግራ ጫማውን ከአልጋ ሥር እየፈለገ ነው። ቢሮማ ብትሄዱ «የእርስዎ ጉዳይ አልቋል» ይባላል፤ ትርጉሙን ታውቁታላችሁ፤ ሐሙስ ይመለሱ ማለት ነው። ያልሆነውን ሆነ ማለት ውሸት መስሎ አይሰማንም። ሐሳቡ ካለ፣ ትእዛዙም ከተሰጠ፣ የቀረችው ትንሽ ነገር ናት ብለን እናምናለን።

ያች ትንሽ ነገር ናት ሰው የምታሳስረው።

ሸሕዲ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። እኔ እዚያ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርሁ። ከተማዋ አብዛኛውን ዓመት ሙቀቷን ታቅፋ ታንቀላፋለች። የሰሊጥ አጨዳ ያበቃ ጊዜ ግን ለሥራ የወረደው የጎጃምና የወሎ ሰው ልቡ በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ይሸፍታል። ማጭዱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ የሱዳን ብርድ ልብስ በትከሻው ጣል አድርጎ መናኸሪያውን ይሞላዋል። ሰው ብዙ፣ አውቶቡስ ጥቂት። በመካከሉ ደግሞ ደላላ አለ፤ ወንበሩን አስቀድሞ ለቅሞ በእጥፍ የሚቸበችብ። እናም በዚያ ሰሞን ትኬት ቆራጭ መሆን ከእሳት ዳር መቀመጥ ነው።

ትኬት ቆራጯ ሰርካለም ትባላለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ለዘመድ ስለማታዳላ ዘመዶቿ ሁሉ የተቀየሟት ሴት። አንድ ጊዜ የኛ ርእሰ መምህር ከሰልፉ ቀድመው ጠጋ አሉና «አንች፣ እኔን አታውቂኝም?» ቢሏት፣ «በደንብ ነው እንጅ የማውቅዎት! ሰልፍ መያዝ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?» ብላ ከኋላ አሰልፋቸዋለች። ይህን ያየ ሰው ሰርካለም ከደላላ ጋር ትሞዳሞዳለች ብሎ ያምናል? አያምንም ብዬ ነበር።

በዚያ ዓመት የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበር በእጅ የሚጻፈውን ትኬት ትቶ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ትኬቱ የሚቆረጥበትን የኮምፒውተር ገጽ የሠራው ይበልጣል ነው። ይበልጣል ጎንደር ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ፣ በከተማው ቴክኒክና ሙያ የሚያስተምር፣ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ቤት የተከራየ ጎረምሳ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ጌትነት ሥራው ካማረ በቋሚነት ሊቀጥሩት ቃል ገብተውለታል። አንድ እሑድ ከግቢያችን ራኩባ፣ ከሣር ዳሷ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ።

«ብራውዘሩ፣ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ ገጹን ሁለት ጊዜ ያንኳኳዋል» አለኝ። «አንደኛው ከማተሙ በፊት ነው፤ ቢፎር ፕሪንት ይባላል። ልናትም ነው፣ ተዘጋጅ እንደ ማለት። ያን ጊዜ የኔ ስክሪፕት፣ የጻፍሁለት ትእዛዝ፣ የወንበሮቹን ሥዕል፣ መጫኛ ቁልፎቹን፣ ሁሉን ይደብቅና ትኬቷን ብቻ ያስቀራል። ሁለተኛው በኋላ ነው፤ አፍተር ፕሪንት። ጨርሰናል ሲለኝ ወንበሩን ቀይ አደርገዋለሁ። ቀይ ከሆነ ተሽጧል፤ ማንም አይመልሰውም።»

«ማንም?»

«ሰርካለምም ብትሆን። አቶ ጌትነት እንዲያ አድርግ ብለውኛል። የተሸጠ ወንበር ከተመለሰ ደላላ ይገባበታል አሉ።»

እኔ የሰዋስው መምህር ነኝና «አፍተር» የሚለውን ቃል ሰምቼ አልፌዋለሁ። ከምን በኋላ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ይበልጣልም የጠየቀ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልውሰዳችሁ። ፈቃድ ወስጄ ወደ ጎንደር ልወጣ ተሰልፌአለሁ። መኪኖች ለጸጥታ ሲባል በወታደር አጀብ ተያይዘው የሚወጡበት ሰሞን ነበር፤ አጀቡ ያመለጠው ለነገ ያድራል። ኬላ ላይ ደግሞ ስሙ የታተመበት ትኬት ያልያዘ ይወርዳል። የቀረው አውቶቡስ አንድ ብቻ፣ እሱም ባዶውን ቆሞ ሾፌሩ መሪው ላይ ክንዱን ዘርግቷል። ሌሎቹ መኪኖች ከመንገዱ ላይ ሆነው ጡሩምባ ይነፋሉ።

ከፊቴ ያለው ሰው ሙላት ነው፤ ስሙን ያወቅሁት ለሰርካለም ሲነግራት ሰምቼ ነው። የጎጃም ሰው፣ ረጅም፣ እጁ በሰሊጥ ጭራሮ የተቧጨረ። ታናሽ ወንድሙ ፈንታሁን ከቢሮው ግድግዳ ሥር በዚያ ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ጤና ጣቢያው በአስቸኳይ ጎንደር ሆስፒታል አድርሰው ብሎታል።

«እትየ፣ ለሁለት ሰው። ቶሎ በይልኝ፣ ልጁ እንዳያመልጠኝ» አላት።

ሰርካለም አንገቷን አውጥታ ታማሚውን አየችው። ከዚያ በኋላ እጇ ፈጠነ። «ፈንታሁን» ብላ ጻፈች፤ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መረጠች፤ «አትም» የሚለውን ነካች። ስክሪኑ ላይ የማተሚያዋ መስኮት ብቅ አለች፤ እሽ ብላ ሰደደቻት፤ ተዘጋች። ወንበሩ ቀይ ሆነ። ከላይ በትልቅ ፊደል «ትኬቱ ታትሟል፤ መልካም ጉዞ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ወረቀት የለም።

ፕሪንተሩን አየችው። አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። መታ መታ አደረገችው። ምንም። ያንኑ ወንበር ደግማ ብትነካው ገጹ «ይህ ወንበር ተሽጧል» አላት። ምን ታድርግ? አጠገቡ ያለውን መረጠች። አተመች። ቀይ። ወረቀት የለም። ቀጣዩን። ቀይ። አሁን ቆም በሉና በሷ ቦታ ሁኑ። ውጭ ጡሩምባ ይነፋል፤ ከመስኮቱ ሥር ሰው ያቃስታል፤ መብራቱ ደህና ነኝ ይላል፤ ገጹ ታትሟል ይላል። ሰው እንዲህ ሲጨንቀው አያቆምም፤ ይፈጥናል። እሷም ፈጠነች። በፈጠነች ቁጥር አውቶቡሱ ቀላ።

ክፋቱ ደግሞ ይህን ሁሉ የምታደርገው በአደባባይ ነበር። አቶ ጌትነት ሕዝቡ የሚገዛውን ወንበር ዐይቶ ይምረጥ ብለው ስክሪኑን ለሷም ለሰልፉም እንዲታይ በጎን ወደ መስኮቱ አዙረውታል። ግልጽነት እንዲህ ነው፤ ያያችሁትን ሁሉ የተረዳችሁት ይመስላችኋል። ከኋላዬ ያለው ሰው ወንበር በወንበር ላይ ሲቀላ አየ። ትኬት የያዘ ሰው ግን አንድም አላየም።

«ማነው የሚገዛው?» አለ አንዱ።

«ደላላ ነዋ! በስልክ እየሸጠችለት ነው!» አለ ሌላው።

ከዚያ በኋላ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም ወደ መስኮቱ ተገፈተረ። ቆርቆሮው ቢሮ በጡጫ ተንጎደጎደ። እኔ ደረቴ ከግድግዳው ተጣብቆ፣ የአንዱ በከረጢት የተጠቀለለ ማጭድ ጎድኔን እየወጋኝ፣ የሰርካለምን ፊት በመስኮቱ ፍርግርግ አየዋለሁ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ረድፍ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ሙላት ፍርግርጉን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። «አንች ሴትዮ፣ ወንድም የለሽም? ሰው ሲሞት እያየሽ ትሸጭዋለሽ? ሌባ!»

ያን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው እሱ ነው። ከሱ በኋላማ ሁሉም አለው።

የመናኸሪያው ጥበቃ ፖሊስ፣ ደልደል ያሉ አምሳ አለቃ፣ ሕዝቡን ሰንጥቀው ወደ ቢሮው ገቡ። አቶ ጌትነትም ተከትለው ደረሱ። ስክሪኑን አዩት፤ ፊታቸው ከወንበሮቹ ባልተናነሰ ቀላ።

«ለማን ነው የሸጥሽው?»

«ለማንም አልሸጥሁም ጋሸ። ወረቀቱ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ይኸ ምንድን ነው?» ታትሟል የሚለውን ፊደል በጣታቸው መቱት።

ስልኬን አወጣሁና ለይበልጣል ደወልሁ። መስመሩ ተቆራርጦ ተቆራርጦ ገባ። «ቶሎ ና፣ ሰርካለምን ሊያስሯት ነው» አልሁት። «መጣሁ» አለኝ፤ ለራሱ ነገር ስለሆነ ይሁን እንጃ፣ ያን ቀን እውነትም መጣ። ባጃጁ ሳይቆም ነው የዘለለው። እሱንና እኔን አምሳ አለቃው ከጓሮው በር አስገቡን።

ወጣት ሰው በሠራው ነገር እንዴት እንደሚኮራ ታውቃላችሁ። ይበልጣል ስክሪኑን ጨረፍ አድርጎ አየና፣ አቶ ጌትነት ሲጠይቁት፣ እኔ መቼም የማልረሳውን መልስ ሰጠ።

«ሲስተሙ ደህና ነው ጋሸ። ተሽጧል ካለ ተሽጧል። ኮምፒውተር አይዋሽም።»

ከሰርካለምና ከኮምፒውተሩ አንዱ ዋሽቷል፤ ኮምፒውተሩ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሕዝብ ስሌቱን ለመሥራት አልዘገየም። አንድ ድንጋይ ጣራው ላይ አረፈ። አምሳ አለቃው ሰርካለምን ክንዷን ያዙና «በይ ተነሽ፣ ጣቢያ ሄደሽ ታስረጃለሽ» አሏት። ተነሣች። አላለቀሰችም። ይበልጣልን ብቻ አየችው።

«አንተም እንደዚያ ነው የምታስብ?» አለችው።

እሱ ዐይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ለፖሊስ ማስረጃ የሚሆን የተሸጡትን ወንበሮች ዝርዝር ላትም ብሎ ከወንበሯ ላይ ተቀመጠ። አዘዘ። የማተሚያዋ መስኮት ተዘጋች። ገጹም በኩራት «ታትሟል» አለው። ይበልጣል ወረቀቱን ሊቀበል እጁን ወደ ፕሪንተሩ ዘረጋ። እጁ እዚያው ቀረ።

ደግሞ አዘዘ። ደግሞ ታትሟል። ሦስተኛ ጊዜ መስኮቷ ስትመጣ ማተሙን ትቶ «ሰርዝ» የሚለውን ነካ። ተሰርዟል እኮ! ገጹ ግን አሁንም ታትሟል አለ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አፍተር ፕሪንት» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምን ሆነ?»

«የሚያንኳኳው ወረቀቱ ሲወጣ አይደለም። መስኮቷ ስትዘጋ ነው። ቢታተምም ባይታተምም፣ ብትሰርዘውም ያንኳኳል። ብራውዘሩ ስለ ወረቀቱ ምንም አያውቅም። እኔ ነኝ ያወቀ የመሰለኝ።» ወደ ኋላ ጨረፍ አድርጎ አየ። አቶ ጌትነት ከኋላችን ቆመዋል። «አሁን ብናገር ሥራው ቀረ። ዝም ብየ ወንበሮቹን ልልቀቃቸው፣ ኮዱን ነገ አስተካክለዋለሁ።»

«እሷስ?» አልሁት።

እሷ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። አምሳ አለቃው በሩን እንደከፈቱት የውጭው ጩኸት እንደ ጎርፍ ገባ። አንዲት አጭር ጊዜ ነበረች፤ ይበልጣል ቋሚ ሥራውንና በሩ ላይ ያለችውን ሴት አፈራርቆ ሲያይ። ስንት ሰው በዚያች ጊዜ ውስጥ «ነገ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ዕድሜውን እንደጨረሰ እግዚአብሔር ይወቅ።

«አምሳ አለቃ፣ ይቁሙ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ስሙኝ! እሷ አልሸጠችም! ጥፋቱ የኔ ነው! ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ!»

ሕዝቡ ዝም ያለ መሰላችሁ? «ዘመዷ ነው! ተካፋይ ነው!» አለ።

ይበልጣል በፍርግርጉ በኩል ሙላትን ጠቆመው። «አንተ ና፣ ግባ። አስገቡት!»

ሙላት ገባ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ማውሱን እንደ ጊንጥ ዳር ዳሩን ያዘው። ስክሪኑ አሁንም ወደ ሕዝቡ ዞሮ ነው። ይበልጣል እያሳየው ከሾፌሩ ጀርባ ካለው አረንጓዴ ወንበር አንዱን አስነካው። «አትም» አስባለው። መስኮቷ ስትመጣ «አሁን ሰርዘው፤ አልፈልግም በለው» አለው። ሙላት ሰረዘ።

ወንበሩ ቀይ ሆነ። ትኬቱ ታትሟል፤ መልካም ጉዞ።

«በል ንገረን» አለው ይበልጣል፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለየትኛው ደላላ ሸጥኸው?»

ሙላት ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ኧረ እኔ ለማንም አልሸጥሁ! ኧረ በማርያም! አልፈልግም ነው ያልሁ!»

ውጭ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ሳቅ ከድንጋይ ይልቅ ቶሎ ይዛመታል፤ ተመስገን። አምሳ አለቃው የሰርካለምን ክንድ ለቀቁ፤ እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት ግን ቸግሯቸው ነበር።

ወረቀቱስ? እሱም የራሱ ታሪክ ነበረው። ሰርካለም ከዋዜማው ሙቀቱ ቢብስባት ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግታዋለች። ከኮምፒውተሩ ወደ ፕሪንተሩ የሚሄደው ገመድ ተወጥሮ ከጀርባ ሾልኳል። አረንጓዴው መብራት ኤሌክትሪክ አለኝ ማለቱ እንጂ ሰው ያናግረኛል ማለቱ አልነበረም። ይበልጣል ተንበርክኮ ገመዱን ሲሰካው ፕሪንተሩ አንዴ አጓራና የታዘዘውን ሁሉ ተራ በተራ ይተፋ ጀመር። ትኬት፣ ትኬት፣ ትኬት፣ በመጨረሻም የይበልጣል ዝርዝር። ሁሉም ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው፤ ፈንታሁን። ያ ግድግዳ ሥር የሚንቀጠቀጠው ልጅ ሙሉ አውቶቡስ ገዝቶ ተገኘ።

ይበልጣል ወንበሮቹን አንድ በአንድ አስለቀቀ። ሰርካለም ከወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠችና ትኬት ትቆርጥ ጀመር። የኋለኛውን ረድፍ ግን አላስለቀቀችውም። «ይኸ በስሙ ወጥቷል፤ ተኝቶ ይሂድ» አለች። አቶ ጌትነት ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና የሕዝቡን ፊት አይተው መልሰው ዘጉት። አምሳ አለቃው ለአጀቡ መኪና ሮጠው ምልክት ሰጡልን። ፈንታሁንን ተሸክመን አስተኛነው፤ አውቶቡሱም የአጀቡን ጭራ ይዞ ወጣ። ሙላት መንገዱን ሁሉ የወንድሙን ራስ ታቅፎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞሮ «ሌባ አልኋት» አለ።

ይበልጣል ገጹን አስተካከለው። አሁን የማተሚያዋ መስኮት ስትዘጋ ወንበሩ ቀይ አይሆንም፤ ገጹ «ወረቀቱ በእጅዎ ገብቷል?» ብሎ ሰውን ይጠይቃል። ቋሚ ሥራው ግን እንደፈራው ቀረ፤ አቶ ጌትነት በሕዝብ ፊት ማኅበሩን አዋርዷል አሉት። እንዲያም ሆኖ ገጹን ይጠቀሙበታል።

ስለ ሰርካለምም ማኅበሩ ስብሰባ ተቀምጧል። «ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ይቅርታም ተጠይቃለች» አሉኝ አቶ ጌትነት ከጎንደር የተመለስሁ ጊዜ፣ እጃቸውን አራግፈው። ደስ አለኝና ለሷው ነገርኋት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች፣ እውነት እንደማታውቅ ሰው። «አምሳ አለቃው ጋሸ ጌትነት ይጠይቋታል ብለው ይሆናል። ጋሸ ጌትነትም ይበልጣልን ልከው ይሆናል። ይበልጣል እንኳ መጥቶ ነበር፤ ግን እሱ ስለ ራሱ ነው የመጣ።» ሳቅ አለች። «ተዘግቷል ካሉ እንግዲህ ተዘግቷል።»

በሚቀጥለው ክረምት፣ የአረም ሰሞን፣ ከዚያው መስኮት ተሰልፌ ሳለ ሁለት ሰዎች ከአንድ ቅል ማር ጋር ከፊት ቆመው አየሁ። ሙላትን በቁመቱ ለየሁት። አጠገቡ ያለው ፈንታሁን መሆኑን ግን ቆይቼ ነው የለየሁት፤ ጉንጩ ሞልቷል። ትኬት ሊቆርጡ አልነበረም፤ የወረዱት ገና በዚያው ዕለት ነው።

ሙላት ቅሉን በፍርግርጉ ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም። አዙሮ ሞከረ፤ አልገባም። ላብ አጠመቀው። «እትየ፣ ያን ጊዜ የተናገርሁት…» ብሎ ጀመረና ቅሉን ደረቱ ላይ አቀፈው። ሰርካለም ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። እሱም እንደገና «ያን ጊዜ እኔ…» አለ።

ይሄኔ ከኋላዬ የቆመ አንድ የቸኮለ ሰው ትዕግሥቱ አለቀበት።

«ኧረ ወሬውን ትታችሁ ሰልፉን አስኬዱ! ሰው ሥራ አለበት!»

ሰርካለም ያን ሰው አየችው። ቀስ ብላ የቢሮውን በር ልትከፍት ሄደች፤ ቅሉ የሚገባው በበሩ ብቻ ነበርና። ሰልፉም ቆመ፤ እኛም ቆምን።